ስለ ኤሊስ ፓርክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የጆሃንስበርግ የራግቢ ስታዲየም ታሪክ

ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ኤሊስ ፓርክን ቢያንስ ከውጭ ያውቀዋል። ውስጡ ያለፈው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ተምታቶ ይነገራል። ጨዋታው ከሌላ ስታዲየም ጋር ይቀላቀላል፣ ዓመቱ ይሳሳታል፣ 43 ሰዎች የሞቱበት የ2001ዱ አደጋም «ሕዝቡ ተጋፍቶ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። መልሶቹን ያዘጋጀነው በተለይ እነዚህን ለማጥራት ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነው ላይ «ዓ.ም.» ብለናል።

ኤሊስ ፓርክ የት ነው? ከጂፒስ ምን ያህል ይርቃል?

ከመሀል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ዶርንፎንቴይን በሚባለው ሰፈር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሱቅ ከከፈቱበት ከጂፒ (የመንገዱ የዛሬ ስም ራሂማ ሙሳ ነው) ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሶዌቶ ለሚመጣ ሰው የሪያ ቫያ አውቶቡስ ቲ1 መስመር ከቶኮዛ ፓርክ ተነስቶ፣ መሀል ከተማውን አቋርጦ ኤሊስ ፓርክ ኢስት ድረስ ይወስዳል። የባቡር ጣቢያም በአጠገቡ አለ።

ትልቁ ስህተት ከኤፍኤንቢ ስታዲየም ጋር ማምታታት ነው። ኤፍኤንቢ (በ2010 «ሶከር ሲቲ» ይባል የነበረው) በሶዌቶ በኩል ያለው፣ የዓለም እግር ኳስ ዋንጫ መክፈቻና ፍጻሜ የተደረገበት ነው። ማንዴላ በ1995 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አረንጓዴውን የራግቢ ማሊያ ለብሰው የታዩት ግን ኤሊስ ፓርክ ነው።

ስታዲየም ከመሆኑ በፊት ቦታው ምን ነበር? ስሙስ ከየት መጣ?

የድንጋይ ካባ ነበር። ድንጋዩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ ቀረ፤ ቆሻሻም ይደፋበት ነበር። የትራንስቫል ራግቢ ማኅበር በ1920ዎቹ ሜዳ ሲያፈላልግ ይህን ቦታ መረጠ። ጄ. ዲ. ኤሊስ የተባሉ የከተማው ምክር ቤት አባል 13 ኤከር፣ ማለትም ከ5 ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ መሬት ለዚሁ እንዲውል አደረጉ። የኪራይ ውሉ ኦክቶበር 10 ቀን 1927 ተፈረመ፤ ሜዳውም በስማቸው ተጠራ። ሥራው 8 ወር ገደማ ወሰደ። ጁላይ 21 ቀን 1928 ኒውዚላንድ ደቡብ አፍሪካን 7 ለ 6 ስታሸንፍ የቆሻሻ መጣያ የነበረው ጉድጓድ 38,000 ያህል ተመልካች ይዞ ነበር።

ዛሬ የምናየው ያው የ1928ቱ ስታዲየም ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው በ1979 ፈርሶ አዲሱ በ1982 ተከፈተ። ስለዚህ የ1955ቱን ወይም የ1976ቱን ጨዋታ ትሪቡን አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው አያገኘውም፤ ቦታው እንጂ ግንባታው አንድ አይደለም። የአሁኑ ከ62,000 በላይ ሰው ይይዛል። ቁጥሩ ከድሮው ያነሰ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ በድሮው ብዙ ሰው ቆሞ ስለሚያይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚታጨቀው ሌላ ነበር።

በድሮው ሜዳ ከተደረጉት የቱ ይበልጥ ይታወሳል?

የኦገስት 6 ቀን 1955ቱ። የብሪታኒያና አየርላንድ ምርጥ ቡድን፣ ላየንስ፣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወተ፤ 95,000 ያህል ሰው ገብቶ ነበር። በዚያን ዘመን ራግቢ ተቀያሪ ተጫዋች የለውም። ላየንሶች አንድ ሰው ተጎድቶባቸው በ14 ቀሩ፣ እንዲያም ሆኖ 23 ለ 11 መሩ። ደቡብ አፍሪካ እያጠበበች መጥታ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቴውንስ ብሪርስ ኳሷን ከተጋጣሚው የጎል መስመር ጀርባ አሳርፎ (ይህ «ትራይ» ይባላል) ውጤቱ 23 ለ 22 ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚመታው ተጨማሪ ምት 2 ነጥብ አለው፤ ቢገባ ደቡብ አፍሪካ 24 ለ 23 ታሸንፋለች። ጃክ ፋን ደር ስካይፍ መታ፣ ኳሷ ከምሰሶው ውጭ አለፈች፣ ጨዋታው አለቀ። የዛሬ ተመልካች ነጥቡ አልደመር ካለው ምክንያቱ ይህ ነው፦ ያኔ አንድ ትራይ 3 ነጥብ ነበር፤ ዛሬ 5 ነው።

ክሪኬትም ይጫወቱበት ነበር?

አዎ፣ ከ1948 እስከ 1954 ስድስት የቴስት ጨዋታዎች (በአገሮች መካከል ለቀናት የሚደረጉ የክሪኬት ግጥሚያዎች) ተደርገውበታል። በ1956 አዲሱ ዎንደረርስ ስታዲየም ሲከፈት ክሪኬቱ ወደዚያ ሄደ።

ከስድስቱ አንዱ ሊዘለል አይገባም። በዲሴምበር 1953 የኒውዚላንድ ቡድን እዚህ እየተጫወተ ሳለ አገር ቤት ታንጊዋይ በሚባል ቦታ የባቡር አደጋ ደርሶ 151 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዷ የተጫዋቹ የቦብ ብሌር እጮኛ ነበረች። ብሌር በሆቴል እንዲቆይ ተደረገ። በሜዳው ላይ ደግሞ በርት ሰትክሊፍ ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ ሆስፒታል ሄደ፤ ራሱን በፋሻ ጠቅልሎ ተመልሶ መጫወት ቀጠለ። ዘጠነኛው ሰው ሲወጣ የቀረው ብሌር ብቻ ስለነበር፣ ጨዋታው አለቀ ብለው ሁሉም መነሳት ሲጀምሩ ከሆቴሉ የመጣው ብሌር ከመልበሻ ክፍሉ ወጣ። ተመልካቹ በዝምታ ቆመ። እሱና ሰትክሊፍ በ10 ደቂቃ ውስጥ 33 ነጥብ ሠሩ። ኒውዚላንድ ጨዋታውን ተሸነፈች፤ ግን በአገሯ እስከ ዛሬ ከድሎቿ እኩል የሚነገረው ይህ ቀን ነው።

ኤሊስ ፓርክ ከኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ አንባቢ የማይጠብቀው መልስ እዚህ ላይ ነው። ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ለጉብኝት ደቡብ አፍሪካ ገባ። የአፍሪካ አገሮች የዓለም አቀፉን ኦሊምፒክ ኮሚቴ «ኒውዚላንድን ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ አስወጡ» አሉ፤ ኮሚቴው ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልሆነ አይመለከተኝም አለ። ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ። ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች።

ዋጋውን ከከፈሉት መካከል ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር አለ። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ በሙሉ ጉልበቱ ላይ የነበረው «ማርሽ ቀያሪው» ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀረ። የ5,000ውንም የ10,000ውንም ወርቅ የፊንላንዱ ላሴ ቪረን ወሰደ። ምሩፅ ሁለቱን ወርቆች ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በ1980 ሞስኮ ላይ ነው።

ያ የራግቢ ጉብኝት የተደመደመው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1976 በኤሊስ ፓርክ ነበር። ደቡብ አፍሪካ 15 ለ 14 አሸነፈች። የአንድ ነጥብ ልዩነት ናት፤ በእኛ በኩል የተከፈለላት ግን አንድ ሙሉ ኦሊምፒክ ነው።

በአፓርታይድ ጊዜ ጥቁር ተመልካች መግባት ይችል ነበር?

ይገባ ነበር፣ በተከለለለት ቦታ። የሚደግፈውም ብዙውን ጊዜ እንግዳውን ቡድን ነበር፤ የስፕሪንግቦክ (የብሔራዊ ራግቢ ቡድኑ) አረንጓዴ ማሊያ ለጥቁሩ ሕዝብ የገዢው ሥርዓት ልብስ ነውና። ይህ ካልታወቀ የ1995ቱ ጨዋታ ክብደት አይገባም። ማንዴላ የለበሱት ደጋፊዎቻቸው ለዓመታት ሲጠሉት የኖሩትን ልብስ ነው።

1992 ላይ ምን ሆነ?

በአፓርታይድ ምክንያት የተጣለባት የስፖርት ማዕቀብ ሲነሳ ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን ጨዋታ ኦገስት 15 ቀን 1992 እዚህ ከኒውዚላንድ ጋር አደረገች፤ 27 ለ 24 ተሸነፈች። ከውጤቱ ይልቅ የሚጠቀሰው መዝሙሩ ነው። የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ ለጨዋታው የተስማማው የአፓርታይዱ ዘመን መዝሙር እንዳይዘመር ነበር። በዕለቱ ግን ተዘመረ፣ አሮጌውም ባንዲራ ተውለበለበ። ከዚያ ቀን እስከ 1995 ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

የ1995ቱን ፍጻሜ በዝርዝር ንገሩን።

ዕለቱ ጁን 24 ቀን 1995 (ሰኔ 17 ቀን 1987 ዓ.ም.) ነው። ደቡብ አፍሪካ እስከዚያ ድረስ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ተጫውታ አታውቅም፤ የ1987ቱም የ1991ዱም ሲደረጉ ታግዳ ነበር። ከጨዋታው በፊት አብራሪ ሎሪ ኬይ ቦይንግ 747 አውሮፕላን በስታዲየሙ አናት ላይ ዝቅ አድርጎ አሳለፈ፤ ከክንፎቹ ሥር ለቡድኑ መልካም ዕድል የሚመኝ ጽሑፍ ነበረበት። ማንዴላ ቁጥር 6 ማሊያ ለብሰው ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ አብዛኛው ነጭ የሆነው ከ60,000 የሚበልጥ ተመልካች ስማቸውን እየደጋገመ ጠራ። ቁጥር 6 የአምበሉ የፍራንሷ ፒናር ቁጥር ነው።

ኒውዚላንድ የ20 ዓመቱን ጆናህ ሎሙን ይዛ ነበር፤ በግማሽ ፍጻሜው እንግሊዝ ላይ አራት ትራይ አስቆጥሯል። ደቡብ አፍሪካውያኑ ፍጥነት ሳያገኝ እግሩ ሥር እየገቡ ጣሉት፤ በፍጻሜው አንድም አላስቆጠረም። እንዲያውም ማንም ትራይ አላስቆጠረም፣ ነጥቡ በሙሉ በእግር የመጣ ነው። በኒውዚላንድ በኩል አንድሩ ሜርተንስ ሦስት ቅጣት ምትና አንድ ድሮፕ ጎል (በጨዋታ መሀል ኳስ መሬት አስነክቶ በምሰሶዎቹ መሀል መምታት)፤ በደቡብ አፍሪካ በኩል ጆኤል ስትራንስኪ ሦስት ቅጣት ምትና ሁለት ድሮፕ ጎል። እያንዳንዱ 3 ነጥብ ነው፣ ድምሩ 15 ለ 12።

መደበኛው ሰዓት 9 ለ 9 አለቀ። ተጨማሪው ሰዓት ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ነበር። ሜርተንስ 12 ለ 9 አደረገው፣ ስትራንስኪ 12 ለ 12። ሊያልቅ 7 ደቂቃ ገደማ ሲቀር ስትራንስኪ 30 ሜትር ከሚሆን ርቀት ኳሷን መሬት አስነክቶ መታት፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መሀል አለፈች። ከጨዋታው በኋላ ፒናር ስለ 60,000ው ደጋፊ ሲጠየቅ የረዳቸው 43 ሚሊዮኑ ሕዝብ እንደሆነ መለሰ። በሜዳው ላይ ከነበሩት ከአሥራ አምስቱ የደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች ነጭ ያልነበረው ግን ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ጠቅሶ ሌላውን መተው ታሪኩን ያጎድላል።

የ2001ዱ አደጋ እንዴት ደረሰ?

ኤፕሪል 11 ቀን 2001 (ሚያዝያ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.) ምሽት ካይዘር ቺፍስና ኦርላንዶ ፓይሬትስ ይጫወቱ ነበር። እግር ኳስ እንጂ ራግቢ አልነበረም። 43 ሰዎች ሞቱ። ጨዋታው ተቋርጦ አስከሬኖች በሣሩ ላይ ተደረደሩ።

ስታዲየሙ ሞልቶ ሳለ ውጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነበር። በዳኛ በርናርድ ንጎፔ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የተመልካቹን ሥርዓት ማጣት ብቻ ተጠያቂ አላደረገም። የሚመጣው ሰው ብዛት በትክክል አልተገመተም። ትኬት ማለቁ የተነገረው ያለጊዜውና በማይሆን መንገድ ነው። ከጥበቃ ሠራተኞቹ መካከል ገንዘብ እየተቀበሉ ሰው ያስገቡ ነበሩ። አስለቃሽ ጭስ ወይም መሰል ነገር ተረጭቷል። ከሁሉም በላይ ያለፈው ትምህርት አልሆነም፦ በጃንዋሪ 1991 እነዚሁ ሁለት ክለቦች ኦርክኒ በተባለች ከተማ ሲጫወቱ 42 ሰዎች ሞተው ነበር።

እንዲህ ባለ ግፊያ ሰው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨንቆ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። ከኋላ ያለው ፊት ያለውን አያይም። ከውስጥ የጎል ጩኸት ሲሰማ «አመለጠኝ» ብሎ አንድ እርምጃ ይገፋል። የሺህ ሰው አንድ እርምጃ ከአጥሩ ጋር የተጣበቀው ላይ ይደመራል። ስለዚህ ጥፋቱን መፈለግ ያለበት ከበሩ ብዙ ሜትር ርቆ፣ ሰልፉ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ዘግይቶም ቢሆን በ2010 የስፖርትና የመዝናኛ ዝግጅቶችን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ ከጨዋታ በፊት የተመልካች ግምትና የአደጋ ደረጃ እንዲወሰን ያስገድዳል።

ትልቅ ጨዋታ ላይ ለሚገባ ሰው ምን ትመክራላችሁ?

ትኬት ሳይዙ «እዚያው አገኛለሁ» ብለው ወደ በሩ አይሂዱ፤ የ2001ዱ ግፊያ አንዱ መነሻ ይኸው ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይድረሱ። በትኬቱ ላይ የተጻፈውን በር ቁጥር ይከተሉ እንጂ ሰው የበዛበትን አይከተሉ። ግፊያ ውስጥ ከገቡ ሁለቱን ክንዶች እንደ ቦክሰኛ ደረት ፊት ያድርጉ፣ ለመተንፈስ ቦታ ይሰጣል። የወደቀ ስልክ ለማንሳት አያጎንብሱ። ወደ ኋላ ለመመለስ ግፊያውን አይጋፈጡ፤ ግፊቱ ረገብ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ይውጡ። ልጅ ካለ ትከሻ ላይ ነው። የራግቢው ወቅት በከፊል ክረምት ላይ ይውላል፤ የጁንና የጁላይ ምሽት በጆሃንስበርግ ደረቅና ብርዳም ስለሆነ ጃኬት ያስፈልጋል።

በ2010 የዓለም ዋንጫ ስንት ጨዋታ ተደረገበት?

ሰባት። ብራዚል ሰሜን ኮሪያን 2 ለ 1 ያሸነፈችው፣ ስሎቫኪያም የወቅቱን ሻምፒዮን ጣሊያንን 3 ለ 2 አሸንፋ ያሰናበተችው እዚህ ነው። የመጨረሻው ስፔን ፓራጓይን 1 ለ 0 ያሸነፈችበት ሩብ ፍጻሜ ሲሆን፣ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ሁለቱም ቡድኖች ፍጹም ቅጣት ምት ስተዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍጻሜም እዚሁ ነበር፤ ብራዚል አሜሪካን 3 ለ 2።

የራግቢ ሜዳ እንዴት ወደ እግር ኳስ ይቀየራል?

የራግቢ ሜዳ ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር ቢበዛ 100 ሜትር፣ ወርዱ ቢበዛ 70 ሜትር ነው። ከመስመሩ ጀርባ ደግሞ ኳስ የሚያሳርፉበት ከ6 እስከ 22 ሜትር ቦታ ያስፈልጋል። የዓለም ዋንጫ እግር ኳስ 105 በ68 ይፈልጋል። ስለዚህ የእግር ኳሱ ጎል የሚቆመው የራግቢው ትራይ በሚቆጠርበት ሣር ላይ ነው። የራግቢ ምሰሶዎች በ5.6 ሜትር ተራርቀው፣ አግዳሚው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ይውላል፤ የሚቆሙት መሬት ውስጥ በተቀበረ የብረት ማቀፊያ ላይ ነው። ምሰሶው ተነቅሎ ጉድጓዱ በክዳንና በሣር ይሸፈናል። ክዳኑ ከሣሩ ጋር ካልተስተካከለ ኳስ ይነጥርበታል፣ ተጫዋችም ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል።

አስቸጋሪው መስመሩና ሣሩ ነው። አሮጌው ነጭ ቀለም በአረንጓዴ ቢሸፈንም በመብራት ሥር ጥላው ይታያል፤ በደንብ የሚጠፋው ሣሩ አድጎ ደጋግሞ ሲታጨድ ነው። ስክረም ላይ (ሁለቱ ቡድኖች ተቃቅፈው ኳሷን ለመያዝ ሲገፋፉ) በእያንዳንዱ ወገን ስምንት ሰው እየተገፋፋ በጫማው ብረት ሣሩን ከነሥሩ ይነቅለዋል። በአካባቢው የተለመደው የኪኩዩ ሣር በክረምት ብርድ እድገቱን ስለሚያቆም የተነቀለው ቶሎ አይተካም፤ መፍትሔው በመጸው ብርድ የሚችል የራይ ሣር ዘር በላዩ መዝራት ነው።

ከፍታው በጨዋታው ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳር ከተሞች ይልቅ በ15 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ የተመታ ኳስ ይርቃል። ኬፕታውን ላይ የማይሞከር ቅጣት ምት እዚህ ይሞከራል። በሌላ በኩል እንግዳው ቡድን በመጨረሻው 20 ደቂቃ ትንፋሽ ያጥረዋል። አዲስ አበባ ከጆሃንስበርግ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለችና ለእኛ ሰው ይህ ከፍታ ብርቅ አይሆንበትም።

ለምን ብዙ ስም አለው?

የስያሜ መብቱ ስለተሸጠ ነው። ከ2008 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ኮካ ኮላ ፓርክ፣ በኋላም ኤሚሬትስ ኤርላይን ፓርክ ተባለ። የቤቱ ባለቤት ቡድንም ትራንስቫል ይባል የነበረው ዛሬ ላየንስ ነው፤ ከብሪታኒያው ላየንስ ጋር ዝምድና የለውም። ለታክሲ ሹፌር ግን «ኤሊስ ፓርክ» ማለት ይበቃል።

ዋልያዎቹ በ2013 የተጫወቱት እዚህ ነው?

አይደለም። የ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የምድብ ጨዋታዎቻቸው በምቦምቤላና በሩስተንበርግ ነበሩ። የእኛ አትሌቶች ስም ከዚህ አካባቢ ጋር የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው፦ የ1999ኙ የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች አትሌቲክስ የተካሄደው ከኤሊስ ፓርክ አጠገብ ባለው የጆሃንስበርግ ስታዲየም ነው።

ዛሬስ ትልቅ ራግቢ ይደረግበታል?

አዎ። ላየንስ በ2017 የሱፐር ራግቢን (የተለያዩ አገሮች ክለቦች የሚወዳደሩበትን) ፍጻሜ እዚህ አስተናግዶ በኒውዚላንዱ ክሩሴደርስ 25 ለ 17 ተሸነፈ። ኦገስት 31 ቀን 2024 ደግሞ ኒውዚላንድ 27 ለ 17 እየመራች ሳለ ደቡብ አፍሪካ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ትራይ አስቆጥራ 31 ለ 27 አሸንፋለች።